የእድሩን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ

ሐምሌ 27 ቀን 2017፣ እሑድ

እናቴ ከእድር ስብሰባ ተናዳ ገባች። ነጠላዋን ሳታወልቅ "የግንቦትን ከፍዬ፣ አልከፈልሽም ይሉኛል!" አለች። ደረሰኙ ከኮሞዲኖው መሳቢያ፣ ከመድኃኒት ወረቀቶች መሀል ተገኘ። ከፍላለች። መዝገቡ ላይ ግን የለም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ ኮምፒውተር አይደል እንዴ የምትሠራው? ለእድራችን አንድ ነገር ብታደርግ ምን አለበት?"

ኮምፒውተር አልሠራም። ሶፍትዌር ነው የምጽፈው፤ እሱም የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ። ይህን ልዩነት ለማስረዳት ዘጠኝ ዓመት ሞክሬ ትቼዋለሁ። "እሺ" አልኳት።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ሙሉውን ሲስተም በጭንቅላቴ ገንብቼ ጨረስኩ። የሞባይል አፕ። ሰርቨር። አባላት በስልካቸው የሚገቡበት ገጽ። በቴሌብር መክፈያ። ለእድሩ ዳኛ ዳሽቦርድ፣ ባለ ቀለም ግራፍ። ቤት ስደርስ ወረቀት አወጣሁና ሲስተሙን በእጃቸው የሚነኩትን ሰዎች ጻፍኩ። አንድ ጸሐፊ። አንዲት ገንዘብ ያዥ። አለቀ። ሁለት ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ፣ 186 አባል።

ይሄ በሽታ የሁላችንም ነው። አዲስ የፕሮግራም መሥሪያ ፍሬምወርክ ሲያምረን ደንበኛው ላይ እንለማመዳለን። ደንበኛው የጠየቀው ግን "ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለም" የሚል ዝርዝር ነበር።

ስለዚህ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተንና የመረጃ ማከማቻው ኤስኪውላይት ይበቃሉ። ኤስኪውላይትን ሪቻርድ ሂፕ የጀመረው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በየአንድሮይዱና በየአይፎኑ ውስጥ አለ፤ ሰው አያውቀውም እንጂ በቀን መቶ ጊዜ ይጠቀምበታል። መላው ዳታቤዝ አንድ ፋይል ነው። ፍላሽ ላይ ገልብጠህ ኪስህ ትከተዋለህ። ሰርቨር የለ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ የለ፣ በየወሩ በዶላር የሚከፈል ኪራይ የለ። የመጨረሻዋ ብቻዋን አሳምናኛለች።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

የእድሩ ላፕቶፕ አንድ አባል የለገሰው አሮጌ ነው። ባትሪው ሞቷል። ገመዱ ሲነቀል አብሮ ድርግም ይላል። መብራት ደግሞ በኛ ሰፈር ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል።

ስለዚህ ምንም ሳልሠራ መጀመሪያ ይህን ፈተንኩ። ያለማቋረጥ ክፍያ የሚመዘግብ አጭር ኮድ ጻፍኩ። አንድ ክፍያ ሁለት ቦታ ይገባል፦ በአባሉ ስምና በካዝናው። ኮዱ እየሮጠ ገመዱን ነቀልኩት። ደግሜ አስነሳሁ፣ ደግሜ ነቀልኩ። አሥራ ሁለት ጊዜ። በአሥራ ሁለቱም የአባላቱ ድምርና የካዝናው ድምር እኩል ነበር። ሁለቱን ጽሑፍ በአንድ ትራንዛክሽን ስላሰርኳቸው ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዱም አይጻፍም። እናቴ "አንተ ልጅ፣ ዕቃውን ልታቃጥለው ነው እንዴ?" ብላ ሁለቴ መጥታ አየችኝ።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ከጸሐፊው ጋር ተቀመጥን። ሰፈሩ በሙሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። መዝገቡን ከብረት ሳጥን አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

ሽፋኑ ጠንካራ ነው፣ ጀርባው በፕላስተር ተጠግኗል። በግራ ተራ ቁጥርና ስም። ከዚያ ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ በጠቅላላው 12 ዓምድ፤ በየዓምዱ ብሩና የደረሰኙ ቁጥር። መዋጮ በሰማያዊ፣ መቀጮ በቀይ። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳን ተከላ የቀረም ይቀጣል።

ዓይኔ የቀረው ግን ስሕተት የታረመበት ቦታ ላይ ነው። የተሳሳተው ቁጥር በአንድ ቀጭን ቀይ መስመር ተሰርዟል፤ ከሥሩ ግን ይነበባል። ትክክለኛው ከበላዩ ተጽፏል። ጎኑ ላይ ሁለት ፊርማ አለ፤ የጋሼና የገንዘብ ያዧ።

"ለምን በኮሬክሽን አያጠፉትም? ስርዝ ድልዝ እንዳይበዛ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "አጥፍቼው ነገ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ምን ነበር ብዬ ልመልስ?"

ደስ አለኝና ጻፍኩት። ለሥራው ይጠቅመኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ስም መተየብ ሦስት ማታ ፈጀ። እናቴ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። በየስሙ ታሪክ አለ። "ይቺ እንኳን ባሏ…" ትልና ሩብ ሰዓት ይሄዳል። የሰው መረጃ ምስጢርነት የሚባለው ነገር እናቴ ዘንድ ገና አልደረሰም።

ከዚያ ፍለጋውን ሞከርኩ። "አለሙ" ብዬ ጻፍኩ። ሦስት እንዳሉ አውቃለሁ፤ የወጣው አንድ። ሌሎቹ በዓይኑ ዐ የተጻፉ ናቸው። ኃይሉም እንዲሁ ነው፦ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ኃይሉ፣ ኀይሉ። ፀሐይ በስንት ዓይነት እንደተጻፈች ባልናገር ይሻላል። ለጆሮ አንድ ሰው ነው፤ ለማሽን አራት።

እዚህ ላይ ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ደግ ሆነልኝ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ስሪት ሲገባ ቤት በቤት ተሰልፎ ነው የገባው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰልፉ አይዛነፍም። ስለዚህ ከፀሐዩ ፀ ቤት ካለ ፊደል 8 ብትቀንስ ጸሎቱ ጸ ቤት ውስጥ፣ እዚያው ድምፅ ላይ ትወድቃለህ። ከሐመሩ ሐ 16 ብትቀንስ ሀሌታው ሀ ትደርሳለህ። ከብዙኃኑ ኀ 128። ንጉሡ ሠ ላይ 16 ብትደምር እሳቱ ሰ። ከዓይኑ ዐ 48 ብትቀንስ አልፋው አ። አምስት መስመር ኮድ። ተነስቼ ሻይ አፈላሁ።

ሻዩን ሳልጨርስ "አለሙ" ብዬ ደግሜ ፈለግሁ። አሁንም አንድ።

ለካ ዓ ላይ 48 ስቀንስ የደረስኩት ኣ ጋ ነው፤ ራብዑ ጋ። "አለሙ" የሚጀምረው ደግሞ በግዕዙ አ። በአማርኛ ሁለቱ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ የቁጥሩ ሠንጠረዥ ግን ከማን ይስማ? ሀ እና ሃም እንዲሁ ናቸው። ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ ሦስቱም ወጡ።

የሰውን ስም ግን አልነካሁም። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ የተስተካከለው ከጎኑ "መፈለጊያ" በሚል ዓምድ ይገባል። አንዲት እናት ስማቸው በንጉሡ ሠ እንደሚጻፍ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል። በእሳቱ ሰ አትሜ እሳቸው ፊት አልቆምም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

የ"ወ/" ጣጣ። መዝገቡ ላይ ወ/ሮ አለ፣ ወ/ሚካኤል አለ፣ ወ/ማርያም አለ። ወ/ሮ ማዕረግ ነው። የቀረውን ኮዱ በራሱ "ወልደ" እያለ እንዲዘረዝር አደረግሁ። እናቴ ስክሪኑን አይታ ሳቋን ለቀቀችው። "ወልደ ማርያም አልካት? ሴት እኮ ናት! ወለተ ማርያም ናት።"

ኮዱን ሰረዝኩት። ወ/ እንደ ወ/ ይቀራል። ሰው የሚያውቀውን ማሽኑ እንዲገምት ማስገደድ ምን አመጣው?

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ገንዘብ። አጭር ነው። ሁሉንም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጫለሁ። 150 ብር 15000 ሆኖ ይገባል፣ ሲታይ ብቻ ለ100 ይካፈላል። ኮምፒውተር የነጥብ ቁጥር ላይ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ካለ ፓይተን ላይ 0.1 እና 0.2 ደምሮ ይይ። 0.30000000000000004 ይለዋል። ጋሼ ፊት እንዲህ ያለ ድምር ይዤ ብቀርብ መዝገቡን ነጥቀውኝ ወደ ሳጥኑ ነው የሚመልሱት።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

የቀን መቁጠሪያ። ይህን ክፍል ስፈራው ነበር።

መጀመሪያ ሰነፍኩና ኮድ የሚጽፈውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ጠየቅሁት። ባንድ ትንፋሽ ያማረ ፈንክሽን አወጣልኝ። ጳጉሜንን ስድስት ያደረጋት ግን ዓመቱ ለ4 እኩል ሲካፈል ነው፣ በፈረንጆቹ ልማድ። የእኛ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። 2015ን አካፍሉት፤ 3 ይተርፋል፣ ጳጉሜንም ያን ዓመት 6 ነበረች። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ዲያቆን በዚህ አይሸወድም። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምርና ለ4 ያካፍላል። 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ስድስተኛዋ ቀን የሉቃስ መጨረሻ ላይ ትመጣለች። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የተማርነውን የቀሪ ስሌት እነሱ በቃላቸው ይዘውታል።

ስለዚህ ራሴ ጻፍኩት። ዘዴው ከወር ወደ ወር አለመዝለል ነው። የትኛውንም ቀን መጀመሪያ ወደ አንድ ተከታታይ የቀን ቁጥር ትቀይረዋለህ፣ ከዚያ ወደፈለግኸው አቆጣጠር ትወርዳለህ። የሥነ ፈለክ ሰዎች የጁሊያን የቀን ቁጥር የሚሉት አላቸው። በሱ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. 1,724,221 ላይ ይውላል። የቀረው መደመር ነው፦ ላለፈ ዓመት 365፣ በየአራት ዓመቱ 1፣ ላለፈ ወር 30። ወሩ ሁሉ 30 መሆኑ እንዴት ያለ በረከት ነው! የ31 እና የ28ን ግርግር ኮድ አድርጎ የጻፈ ሰው ይመሰክርልኛል።

ቴስት። መስከረም 1 ቀን 2000፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መሆን አለበት። ሆነ። ቀጥሎ የማውቀውን ሩቅ ቀን ሰጠሁት፦ ዓድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888። በየዓመቱ ማርች 2 ስለምናከብር ያንኑ ጠበቅሁ። ማርች 1 አለኝ።

ግማሽ ሰዓት ባግ፣ ማለትም የኮድ ስሕተት፣ ፈለግሁ። ባግ የለም። ጦርነቱ የተደረገው በ1896 እ.ኤ.አ. ማርች 1፣ እሑድ ቀን ነው። በመሀል 1900 አለ። ያ ዓመት ለ4 ቢካፈልም በፈረንጆቹ ደንብ ፌብሩዋሪው 28 ሆኖ አለፈ። የእኛው ግን በአራት ዓመቱ አንዴ ጳጉሜን 6 ማለቱን አላቋረጠም። ያኔ በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ፤ በ2100ም ይሰፋል። ያኔ የዘወትሯ እንቁጣጣሽ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ትሻገራለች፤ ከጳጉሜን 6 ማግስት የምትውለዋም ከ12 ወደ 13። "ከጳጉሜን 6 ማግስት በቀር ሁልጊዜ 11 ነው" ብለው የጻፉ ፕሮግራሞች ያን ቀን ይሸማቀቃሉ። የእኔ አይሸማቀቅም። ማንም አያይልኝም እንጂ።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

የክፍያ ማስታወሻ በኤስኤምኤስ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ። ከ70 ካለፈች ለሁለት ትከፈላለች፣ ሂሳቡም የሁለት ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት ይሄ ነበር፦

"የተከበሩ የእድራችን አባል፣ የነሐሴ ወር መዋጮዎን እስከ እሑድ ነሐሴ 25 ድረስ እንዲከፍሉ በትሕትና እናሳስባለን።"

ቆጠርኩት። ከነክፍተቱ 72! በሁለት ፊደል ምክንያት 186 መልእክት 372 ሊሆን ነው። "በትሕትና"ን ላወጣ ስል ጋሼ ትዝ አሉኝ፤ መለስኩት። "የተከበሩ"ም አይነካም። በመጨረሻ "ድረስ" ወጣች። "እስከ" ካለ እሷ ምን ትሠራለች? ከነክፍተቷ አራት ቀነሰች። 68።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ጋሼ መልእክቱን ወደዱት። ቀጥዬ የኮራሁበትን አሳየኋቸው። አባል ሲያርፍ ስሙን መርጦ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። የቀብሩ ቦታና ሰዓት ለሁሉም ይሄዳል። "9 ሰዓት" የሚለው በኛ አቆጣጠር እንዲወጣ ሳይቀር ተጨንቄበታለሁ።

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ "ለልጁም ይደርሰዋል?" አሉኝ።

"ለየትኛው ልጅ?"

"ለሟች ልጅ። እሱም አባል ነዋ። ሥራ ቦታ ነው ያለው፣ ገና አልሰማም እንበል።"

የምለው ጠፋኝ። መርዶ እኮ በጠዋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ ነው የሚነገር። እኔ የጻፍኩት ኮድ ታክሲ ውስጥ ቆሞ ላለ ሰው ኪሱ ውስጥ ነዝሮ "አባትህ ሞቷል" ሊለው ነበር። ጥሩምባ ነፊው በየትኛው በር ሳይነፋ እንደሚያልፍ ያውቃል። የእኔ ፕሮግራም አያውቅም።

ማታውኑ አወጣሁት። 140 መስመር። የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው ጊት ላይ "መርዶ በስልክ አይነገርም" ብዬ ኮሚት አደረግሁ።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

አጠፋሁ። የዓመቱን ክፍያ የሚያስገባውን ኮድ ሁለቴ አሮጥኩት። የመጀመሪያው የቆመ መስሎኝ ነው። ሁሉም ሰው ሁለት ጊዜ ከፍሏል፤ እድሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሀብታም ሆነ። ደግነቱ የጠዋቱ ባክአፕ ነበር።

መፍትሔው መዝገቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። እያንዳንዱ ክፍያ የደረሰኝ ቁጥር አለው። ዳታቤዙን "አንድ የደረሰኝ ቁጥር ሁለት ጊዜ አትቀበል" አልኩት። አሁን መቶ ጊዜ ባሮጠውም ለውጥ የለም።

ከዚያ የናቴን የግንቦት ደረሰኝ በእጄ ላስገባ ብል "ይህ ቁጥር አስቀድሞ ገብቷል" አለኝ። ማን ስም ላይ? አንድ መስመር ዝቅ ብሎ፣ የናቴ ሞክሼ ስም ላይ። ስማቸው አንድ፣ የአባታቸው ስም አንድ። የጻፈው እጅ በአንድ መስመር ስቷል፤ ሞክሼዋ የግንቦትን አልከፈሉም።

ለናቴ ነገርኳት። "አውቄው ነበር!" አለች። አታውቅም ነበር። ጋሼ በቀይ ሰርዘው፣ ወደ ላይኛው መስመር አዛውረው ፈረሙ። እኔም ለአባላት ሁሉ "መለያ" የሚል ዓምድ ጨመርኩ። እናቴ "ባለ ወፍጮው ጎን" ተብላለች።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ጋሼ ጠዋት በአንድ ሰዓት ደወሉ። "ልጄ፣ ሰዉ በሙሉ ዕዳ ውስጥ ገብቷል።"

ላፕቶፑ ተከፍቶ 186 ሰው ቀይ ሆኗል፣ ዳኛውም ጭምር። ኮዱ ወራቱን ከ1 እስከ 13 ይቆጥራል። ጳጉሜን ስለባተች ሁሉንም የጳጉሜን መዋጮ ጠይቋል። 13 ወር ሠርቶ የ12 ደሞዝ የሚቀበል ሰው ይህን እንዴት ይረሳል? መዝገቡም እኮ 12 ዓምድ ነበረው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የቴስቶቼ ቀኖች በሙሉ ደግሞ ሌላ ወር ላይ ነበሩ። አንዱን ቁጥር አስተካከልኩ፣ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 6 በየቀኑ የሚሮጥ ቴስት ጨመርኩ። ዳኛው ግን እስካሁን "ዕዳዬን መቼ ልክፈል?" እያሉ ይቀልዱብኛል።

መስከረም 4 ቀን 2018፣ እሑድ

የፈተናው ቀን። ጋሼ የ2017ን ጠቅላላ ድምር በእጃቸው ሠርተው አመጡ። ማሽኑም የራሱን። የእኔ በ450 ብር ያንሳል።

ማሽን አይሳሳትም የሚል ሰው አለ። ድምሩን አይሳሳትም፣ ልክ ነው። የገባለትን ነው የሚደምረው። ሁለት ሰዓት ገጽ በገጽ ስንወርድ 41ኛው ገጽ ላይ ተያዘ። የሦስት ወር ክፍያ፣ ሦስቴ 150፣ በቀይ ተሰርዟል። ስተይብ የተሰረዘ ስለሆነ ዘልዬዋለሁ። ዳር ላይ ግን፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ "በስሕተት የተሰረዘ፤ ይጽና" ይላል። ሁለት ፊርማም አለው። ስረዛው ራሱ ተሰርዟል። እኔ የተሰረዘ ሁሉ ቆሻሻ መስሎኝ አላየሁትም።

"አየህ፣ ኮሬክሽን ብቀባው ኖሮ…" አሉ ጋሼ። ቀሪውን አልጨረሱትም።

መስከረም 7፣ ረቡዕ

ሠንጠረዡን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ከእንግዲህ ምንም መስመር አይጠፋም፣ ምንም ቁጥር በሌላ ላይ አይጻፍም። "አጥፋ" የሚለው ቁልፍ "ሰርዝ" ሆነ። ሲጫኑት የነበረውን አይነካም። የየትኛው መስመር ስረዛ እንደሆነ፣ ማን እንደሰረዘ፣ መቼና ለምን የሚል አዲስ መስመር ይጨምራል። ስረዛ ራሱ ሊሰረዝ ይችላል። "ምክንያት" ባዶ ከሆነ አይቀበልም። ቀሪ ሂሳብ የሚባል ዓምድም የለም፤ በተጠየቀ ቁጥር ከመስመሮቹ ተደምሮ ይወጣል።

መሥሪያ ቤት የመጋዘኑ ሶፍትዌር ላይ "ይህን ዕቃ ማን ቀነሰው?" ሲባል ስንት ማታ አምሽቻለሁ። ቁጥሩ በቁጥር ላይ ስለተጻፈ መልስ አልነበረም። ነገ አለቃዬን ላነጋግረው አስቤያለሁ።

መስከረም 11፣ እሑድ

ጋሼ ተረከቡ። በአንድ ቅድመ ሁኔታ። በየወሩ መጨረሻ ይታተማል፣ መዝገቡ ላይ ይለጠፋል፣ ማኅተም ይደረግበታል። "መብራት ባይኖርስ? አንተ አሜሪካ ብትሄድስ?" አሉኝ። የምከራከርበት አላገኘሁም።

የመጀመሪያውን ገጽ አተምነው። ጋሼ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየወረዱ አነበቡ። 93ኛው ላይ ቆሙ። የአንድ ሰው የአባት ስም ተሳስቷል፤ እናቴ ወሬ ስትነግረኝ ያስገባሁት መሆን አለበት። "አሁኑኑ አስተካክዬ ላትመው" ብዬ ላፕቶፑን ሳብኩ።

"ቆይ" አሉ። ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዙት፣ ትክክለኛውን ከበላዩ ጻፉ፣ ጎኑ ላይ ፈረሙ። ወረቀቱን ወደ ገንዘብ ያዧ ገፋ አደረጉት። እሷም ፈረመች።

ማታ ቤት ገብቼ ስረዛውን አስገባሁ። ማሽኑ ምክንያት ካልሰጠኸኝ አለ። "እየተየብን ስንጫወት" ብዬ ጻፍኩለት።